የማይራመዱት ላሞች

ሞተሩ ድምፁን ሲያጠፋ ወይዘሮ ትርንጎ የወይን መግረዣ መቀሷን እንደያዘች ከረድፉ መካከል ቀና አለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ዱቅ ዱቅ ሲል የሰነበተው ብረት ሦስት ጊዜ አሳለና አራተኛውን ሳይጨርሰው ቀረ። ከላይ ከጉድጓዱ አፍ በድንጋይ ቦይ ሲወርድ የነበረው ውኃ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ቀጥሎ ጭቃ ጭቃ አለ፤ ከዚያ ነጠፈ። አንድ ቁራ ቦዩ ላይ አርፎ እርጥቡን ድንጋይ በመንቁሩ ይቆረቁር ጀመር።

«በቅሎዬን ጫኑ!» አለች ትርንጎ።

ቅጠል የሚያሳሱት ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ እንጂ የተነሣ አልነበረም።

«ተያዩ እንግዲህ! መልካችሁ ምሳ ከሆነላችሁ ተያዩ!» ብላ ኮርቻውን ራሷ አንሥታ ጫነች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ባሏ ግራዝማች ወልደሥላሴ ካረፉ ገና ሦስት ወር አልሞላም። ቢሆንም ኮርቻ የሚጭንላት ሰው ባጣች ቀን ተቀምጣ የምታነባ ሴት አልነበረችም። መቀሱን በመቀነቷ ሻጠችና በቅሎዋን ወደ ላይ፣ ወደ ጉድጓዱ አቀናች።

ወሩ ጥር፣ ዓመቱ ፲፱፻፶፯ ነው። ቦረናዎቹ ሀጋያ የሚሉት የመስከረሙ ዝናብ ደመና አሳይቶ አልፏል። ሌላው የሚጠበቀው መጋቢት ሲያልቅ ነው፤ እሱም ከመጣ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥጆች ተኝተዋል። ከተኙት መካከል የሚነሡትንና የማይነሡትን መለየት አይቻልም፤ በቅሎዋ በአጠገባቸው ስታልፍ ጆሯቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። ትርንጎ አየችና እንዳላየች ሆነች። ልቧ ወይኑ ላይ ነበር።

ከነጌሌ በበቅሎ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ፣ ግራርና ኩይሳ ብቻ በሚበቅልበት ቆላ የወይን ርስት አለ ቢሉት የማያውቅ ሰው ይስቃል። ሐረጉን የተከለው አንድ ጣሊያን ነበር። በ፴፫ ሲሸሽ ጥሎት ሄደ፤ ፍየል ገባበትና እስከ ጉቶው በላው። ርስቱ ለግራዝማች ሲሰጥ ያገኙት ሦስት መቶ ደረቅ ጉቶ ብቻ ነው። ትርንጎ ማገዶ ልታደርገው መጥረቢያ አንሥታ ነበር። «ቆይ እስቲ፣ አንድ ዝናብ ይለፈው» አሏት። ዝናቡ ጣለ፤ ጉቶው ሁሉ አቆጠቆጠ። ያን ቀን ያፈረችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ግን መቀሱን ከግራዝማች እጅ ተቀብላ ሃያ ዓመት ሌላ ሰው አላስነካችም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሐረግ ግን ታነባለች። የቱ ቡቃያ ፍሬ እንደሚሰጥ፣ የቱ ቅጠል ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ከሩቅ አይታ ትናገራለች። ከድንጋዩ ቤት ምድር ቤት ወርዳ በርሜሉ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ወይን ጠጁ እንዴት እንደሚፈላ የምታዳምጠውም እሷ ናት። ጨዋዎቹ የነጌሌ ሰዎች ጠጥተው «የግራዝማች ወይን» ሲሉ ዝም ትላለች፤ በሆዷ ግን «ግራዝማች ጠጪው፣ ጠማቂዋ እኔ» ትላለች።

አሁን ዘለላው ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ጠጥቶ ቢሰነብት ይበስላል፤ ካልጠጣ እዚያው በሐረጉ ላይ ተጨማዶ ይቀራል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የነጌሌው ገዢ ልጅ ሠርግ አለ። አንድ ልጇ ሸዋንግዛው ለዚያ ሠርግ ሠላሳ ደምጃን ሙሉ ወይን ጠጅ አመጣለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። አዲስ አበባ ተምሮ፣ አባቱ ሲሞቱ መጥቶ፣ የአባቱን ካፖርት ለብሶ ቃል የሰጠ ልጅ ነው። የውኃ መሳቢያውን ሞተርም ያመጣው እሱ ነው።

ጉድጓዱ አፍ ስትደርስ መጀመሪያ ያስደነገጣት ከብቱ አልነበረም፤ ዝምታው ነው። ቦረና ከብቱን የሚያጠጣው እየዘፈነ ነው። ከሥር እስከ አፉ አምስት ሰው በየእርከኑ ቆሞ የቆዳ ባልዲውን፣ ኦኮሌውን፣ ወደ ላይ ሲቀባበል ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል። ዛሬ ሦስት መቶ የሚሆን ከብት ምላሱን አውጥቶ ቆሟል፤ ኦኮሌዎቹ በደረቁ ተገልብጠዋል፤ ሰዎቹ መሬት ተቀምጠዋል። ሞተሩ ከወረደበት ከጉድጓዱ አፍ ሰማያዊ ጭስ እየተጥመለመለ ይወጣል።

ሸዋንግዛው እጁ እስከ ክርኑ በዘይት ጠቁሮ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ከጎኑ ሞተሩን እንዲጠብቅለት ከነጌሌ ያስመጣው የሃምሳ አለቃ ሙሉነህ ምንሽሩን አንግቶ ቆሟል። ከፊታቸው አንድ ድንጋይ ላይ የጉድጓዱ የተራ አባት፣ ሽማግሌው ዋሪዮ፣ ዱላውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ እንኳን መጣሽ!» አለ ሸዋንግዛው። «ቱቦውን በጨርቅ ደፈኑብኝ።»

«ማን ደፈነ?»

«እነዚህ ናቸዋ! ሌላ ማን አለ?»

«ሲደፍኑ አይተሃል?»

«ካልደፈኑት ለምን ቆመ?»

የሃምሳ አለቃው ባርኔጣውን አነሣ። «እሜቴ፣ እንደምን ውለዋል? እኔ የእርስዎን ቃል ነው የምጠብቀው። ሽማግሌውን ይዤ ልሂድ ካሉ እሄዳለሁ። አንድ ሰው ከታሰረ ሌላው ይበተናል። እስከ መኸር ድረስም ሁለት ሰው ከነጠመንጃው አቆምልዎታለሁ።»

ትርንጎ ከበቅሎዋ ወረደች፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄደችና ቱቦውን በሁለት እጇ እየጎተተች አወጣችው። ጫፉ ሲወጣ እንደ ሊጥ የወፈረ ጭቃ ጫማዋ ላይ ተዘረገፈ። እፍኝ አድርጋ አነሣችና በልጇ ዘይታም መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ይኸውልህ ጨርቅህ።»

ሸዋንግዛው ጭቃውን አየው።

«ጉድጓዱን ጨርሰህ ጠጥተኸዋል፤ የደፈነህ የለም» አለችው።

ዋሪዮ ያን ጊዜ ተናገረ። አማርኛው ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ ያስቀምጣል። «ከትናንት ወዲያ የነጉዮ ተራ ነበር። አልጠጡም። ትናንት የነሁቃ ተራ ነበር። አልጠጡም። ዛሬ የነሀላኬ ነው፤ እንደምታዪው ነው። ጭቃውን ጠርገን ምንጩን እንዳንከፍት ጉድጓዱ ጭስ ሞልቷል። የሚወርድ ሰው ተኝቶ ይቀራል።»

«ጉድጓዱ በእኛ ክልል ነው!» አለ ሸዋንግዛው። «ማኅተም ያለበት ወረቀት አለን! ደግሞ እኛ እኮ ግብር እንከፍላለን፤ የአባቴ ርስት ነው!»

«ወረቀቱን ለላሚቱ አሳያት» አለች ትርንጎ። «አንብባ ከተመለሰች እኔም አምንሃለሁ።»

ከተቀመጡት መካከል አማርኛ የሚሰሙት ሳቁ፤ ለማይሰሙት ሲተረጎምላቸው እነሱም ሳቁ። የሸዋንግዛው ጆሮ ቀላ። ትርንጎ ወዲያው ጸጸታት። ልጇን በሰው ፊት መሳቂያ ማድረግ አልነበረም የፈለገችው፤ ምላሷ ግን ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሞ ይነሣል። ነገሩን ለማለዘብ ወደ ዋሪዮ ዞረች። ሃያ ዓመት እንደለመደችው ከላይ ወደ ታች ነበር የተናገረችው።

«በል እንግዲህ፣ ያለፈው አልፏል። ሞተሩ ይወጣል፤ ጭቃው ይጠረጋል። የእኛ የወይኑ ተራ መቼ እንደሆነ ንገረኝና በዚያ ቀን እናጠጣለን።»

ዋሪዮ ቀና ብሎ አያት።

«ወይኑ ተራ የለውም፣ ሀዳ ሸዋ» አላት። የሸዋንግዛው እናት ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜም የሚጠራት እንደዚያ ነው። «ከኅዳር ጀምሮ የለውም።»

ትርንጎ የዚህ ትርጉም ገባት። ወይን ሐረግ አንድ መኸር ቢያጣ ይከፋል እንጂ አይሞትም። ተራውን ያጣ ሐረግ ግን ዘንድሮም ከርሞም አይጠጣም። ይህ ጉድጓድ ከሌለ ርስቱ ተመልሶ ግራርና ኩይሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራዝማች ያን ባለ ማኅተም ወረቀት ሳጥን ውስጥ ቆልፈው አንድ ቀን አውጥተውት አያውቁም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ትንባሆ ይዘው እዚህ ጉድጓድ አፍ ይመጡና መሬት ይቀመጡ ነበር። ኅዳር የተራ መቁጠሪያ ነው። የተራው አባት መንጋውን ሁሉ በባለቤቱ ስም ይጠራል፤ ባለቤቱም በገዛ አፉ «ጅራ!» ይላል፤ አለሁ ማለት ነው። ያለ ይቆጠራል፤ ዝም ያለ ከብቱን ይዞ ወደ ሌላ አገር እንደሄደ ወይም እንዳለቀበት ይታሰብና ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ግራዝማች በመጀመሪያው ዓመት «ለወይኔም ተራ ስጡኝ» ሲሉ ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። ተራ የከብት ነው፤ ለቅጠል ሲሰጥ ያየ የለም። ሦስት ቀን ተነጋገሩበት። በመጨረሻ ዋሪዮ «እንግዲያው ይህም ከብት ነው፤ የማይራመድ ከብት» አለ። ሳቁና ጸና። ከዚያ ወዲህ የግራዝማች የማይራመዱ ላሞች በየሦስተኛው ቀን ከመጨረሻው መንጋ በኋላ ይጠጣሉ። ግራዝማችም እንደ ማንኛውም ባለ ከብት ጉድጓድ ወርደው ኦኮሌ ያቀብላሉ፤ ያላቀበለ አያጠጣምና። ትርንጎ ይህን አትወደውም ነበር። ጭቃ ተለውሰው ሲገቡ «ግራዝማችነትዎን ጉድጓዱ ውስጥ ጥለውት መጡ?» ትላቸው ነበር። እሳቸው ይስቁና እግራቸውን ይታጠባሉ።

«ስም ስትጠራ እኛ ኀዘን ላይ ነበርን» አለች አሁን። «ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቦታችሁን በድንጋይ የያዝነው። አንድ ተራ ጠበቅን። ሁለተኛውን ጠበቅን። ሦስተኛውን ጠበቅን። ሰውም ልከናል።»

«ውሸት ነው!» አለ ሸዋንግዛው። «ማንም አልመጣም! የሃምሳ አለቃ፣ ይስሙ፤ በፊቴ ነው የሚዋሸው! እኔ እኮ ቤት ነበርኩ፤ አንድ ሰው መጥቶ አልነገረኝም!»

የሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። የተቀመጡት ተነሡ። ዋሪዮ ብቻ አልተነሣም፤ ዞር ብሎ ከገንዳው አጠገብ የቆመችውን እኅቱን አየ።

ጉያቱ ትባላለች። ሃያ ዓመት ለትርንጎ ወተት ስታመጣ የኖረች፣ በወይን ቆረጣም ጊዜ ከጎኗ ሆና ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«ኀዘን ቤት ነበር» አለች በለሆሳስ። «ኀዘን ላይ ያለ ሰው ጆሮው ይደፈናል። እኔ አስተካክዬ አልነገርኩ ይሆናል።»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ የኅዳሩ ቀን ፊቷ መጣ። ከድንኳኑ ሥር ከነጌሌ የመጡት ባለ ማዕረግ ወይዛዝርት በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል። ጉያቱ ወተት የሞላ ጮጮ ይዛ ገባችና እግሯ ሥር ተንበረከከች። አስተካክላ ነው የነገረቻት፤ አንድ ቃል አልሳተችም። «ሀዳ ሸዋ፣ ዋሪዮ ስም ጠርቷል። የግራዝማች ሲደርስ መልስ የለም። ቦታችሁን በድንጋይ ይዘዋል። አንቺ ነይ፤ ወይ ሸዋን ላኪ።» ወይዛዝርቱ ሁሉ ትርንጎን አዩ። እሷም ለእነሱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የግራዝማች ወልደሥላሴ ሚስት ከኀዘን ቤት ወጥታ ጉድጓድ አፍ ልትቀመጥ? ይጠብቁ!» አለች። ወይዛዝርቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግ አለች ተባለ። ለልጇም ሳትነግረው ዋለች፤ ሳትነግረውም ቀረች። ድንኳኑ ሲፈርስ ነገሩን አብራ አፈረሰችው።

አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጉያቱ ጥፋቱን ወስዳላታለች። ዋሪዮ ይታሰራል፤ ሁለት ጠመንጃ ጉድጓዱ አፍ ይቆማል፤ ዘለላው ይበስላል፤ ሠላሳው ደምጃን ይሞላል። ከዚያስ? ከዚያ ጠመንጃው ወደ ነጌሌ ይመለሳል። እሷና ጉድጓዱ ይቀራሉ።

«ጆሮዬ አልተደፈነም» አለች ትርንጎ።

ሁሉም ዞሩ።

«አልተደፈነም። ጉያቱ በደንብ ነግራኛለች፤ እኔም በደንብ ሰምቻለሁ። ይጠብቁ ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። አባ ዋሪዮ፣ እርስዎ አልዋሹም። ልከውብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የልጁም አይደለም።»

«እርስዎ» ያለችው ሃያ ዓመት «አንተ» ስትለው የኖረችውን ሰው ነው። ዋሪዮ ዱላውን ከጉልበቱ አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ሸዋንግዛው ወደ እናቱ ቀረበ። ድምፁ ወርዶ ነበር። «ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩህም።»

«ሞተር ልግዛ ስልሽ... 'ግዛ' አልሽኝ።»

«አልኩህ። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩህ። ማንንም ሳልለምን የማገኘው ውኃ መስሎኝ።»

የሃምሳ አለቃው አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጁን አየና ጠመንጃውን መልሶ አነገተ። «እሜቴ፣ ታዲያ እኔ ማንን ልሰር?» አለ።

«እኔን እሰረኝ፤ ቤትህ ወስደህ ግን የምታበላኝ አንተ ነህ።»

«ኧረ ይቅርብኝ!»

እንደገና ሳቅ ሆነ፤ ግን አልቆየም። ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ትርንጎ ቋንቋውን እንደማትሰማ መስላ ነው የኖረችው፤ አንድም ቃል አላመለጣትም። ጉዮ የተባለው ጎልማሳ «ሁለት ጥጃ ሞቶብኛል፤ እኔ ይቅር አልልም» ሲል ሰማች። ሌላው «ግራዝማች ከእኛ ጋር ጭቃ በልቷል» ሲል ሰማች። ኋላ ዋሪዮ ወደ እሷ ዞሮ ተናገረ።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ። የሰው ተራ የጠጣ ከመንጋው ካሳ ያወጣል። ያወጣ ወደ ተራው ይመለሳል። እኛ ግን ካንቺ ምን እንቀበል? ያንቺን ላሞች ነድተን አንወስዳቸውም፤ አይራመዱም።»

ትርንጎ ወደ ታች አየች። ከጉድጓዱ አፍ ወይኑ ሙሉ በሙሉ ይታያል። በዚያ ሁሉ አመድ በመሰለ አገር ላይ ዓይን የሚያርፍበት አረንጓዴ እሱ ብቻ ነው። ሠላሳ ረድፍ። ቅጠሉ እጅ ያህላል። ከዚያ መንገድ ዳር የተኙትን ጥጆች አየች፤ አሁን እንዳላየች መሆን አልቻለችም።

«የማይራመዱ ከሆነ፣ የሚራመዱት ይምጡባቸው» አለች።

ዋሪዮ ወዲያው አልገባውም። ቀድሞ የገባት ጉያቱ ናት፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጥጆቹን አምጡ» አለች ትርንጎ። «ሠላሳ ረድፍ አለኝ። ሃያ ዘጠኙን እስከ ጉቶው ቆርጬ አበላለሁ። አንዱ፣ በቤቱ ሥር ያለው፣ ይቀራል፤ እሱ የኪዳነ ምሕረት የዘቢብ ስለት ነው። የዕቃ እጣቢ እያጠጣሁ አኖረዋለሁ።»

«ለዘር አንዲት ጊደር ሁልጊዜ ትቀራለች» አለ ዋሪዮ። «እሷን አንነካም።»

«እማዬ!» አለ ሸዋንግዛው። «አብደሻል? የአባቴን ልፋት ለጥጃ? ሠርጉስ? ለገዢው ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

«መንጋችን አለቀ በላቸው። በዚህ ዓመት መንጋው ያላለቀበት ማን አለ?»

«ወይን እኮ ነው! ላም አይደለም! ሁለት ወር ሙሉ ነው የለፋሁት፤ አንቺ በቀልድ...»

«አልቀለድኩም። ስማኝ፣ ልጄ። ያንን ዘለላ ላበስለው እችላለሁ፤ በጠመንጃ። ከርሞስ? አባትህ የደከሙት ለዘለላው አይመስለኝም። ለዚች ቦታ ነው፤ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስማቸው እንዲጠራ። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ስቄባቸዋለሁ። ሐረጉ ደግሞ ቅጠሉን ተሸክሞ እስከ ዝናብ አይደርስም፤ ሥሩ ብቻ ከሆነ ይደርስ ይሆናል። ፍየል በልቶት እንኳ ተነሥቷል።»

«ባይነሣስ?»

ያን ዓመት ዝናብ መጥቷል፤ ዘንድሮ መምጣቱን ማን ያውቃል?

«ባይነሣ» አለች፣ «ያን ጊዜ ማገዶ አለን።»

ሸዋንግዛው በእጁ የያዘውን ጭቃ መሬት ጣለውና ጀርባውን ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ ጥጆቹ መጡ። የቆሙት በእግራቸው፣ የወደቁት በሰው ትከሻ። ሠራተኞቹ በረድፉ መካከል ቆመው ማንም አልጀመረም፤ ትርንጎ ራሷ መቀሱን ከመቀነቷ አወጣች። የመጀመሪያውን ሐረግ አንገቱ ላይ ያዘችው። ሃያ ዓመት ስትገርዝ አንድ ቀን ፍሬ ያዘለ ክንድ ቆርጣ አታውቅም፤ እጇ እምቢ አላት። ጉያቱ ከጎኗ መጥታ ሐረጉን ቀጥ አድርጋ ያዘችላት። ቆረጠችው። ዘለላው ከነቅጠሉ ወደቀ፤ አንዲት ቡሬ ጥጃ አፍንጫዋን ወደ እሱ ዘረጋች፤ አሸተተች፤ በላች። ሐምራዊ ጭማቂ ከከንፈሯ ተንጠባጠበ።

«የገዢውን ሠርግ በላችው» አለች ትርንጎ። ጉያቱ አልሳቀችም። ሁለቱም ወደሚቀጥለው ሐረግ ሄዱ።

ሁለት ቀን ቆረጡ። ሸዋንግዛው በዚያው ሁለት ቀን ሞተሩን በገመድ አስወጣ፤ ጭሱ ሲጠራ ጉድጓዱ ተጠረገ፤ ምንጩም ቀስ እያለ መሰብሰብ ያዘ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሸዋንግዛው ሞተሩን በምታልፍ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ወደ ነጌሌ ሄደ። ይመለስ እንደሆነ አልተናገረም። ትርንጎ ስንቁን በነጠላ ቋጥራ ሰጠችው፤ ተቀበላት፤ የአባቱን ካፖርት ግን ወንበር ላይ ጥሎት ሄደ። መኪናዋ ከግራሩ ኋላ እስክትሰወር ቆመች። ከዚያ በቅሎዋን ትታ በእግሯ ወደ ጉድጓዱ ወጣች። ከኋላዋ ወይን የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ ጉቶው በየረድፉ እንደ ተቀበረ ጣት ይታያል።

ጉድጓዱ ስለ ተጠረገ ተራው እንደ ኅዳሩ እንደገና ይቆጠራል፤ ዋሪዮ ድንጋዩ ላይ ሆኖ ስም ይጠራ ነበር።

«የነጉዮ!»

«ጅራ!»

«የነሁቃ!»

«ጅራ!»

«የነሀላኬ!»

«ጅራ!»

ቆም አለ። «የግራዝማች ወልደሥላሴ።»

ማንም አልመለሰም። ትርንጎም አልመለሰችም፤ የሞተ ሰው ስም ነውና። ዋሪዮ ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ መልሶ፣ «የትርንጎ ላሞች!» አለ።

የሚጠጣ ቅጠል እንኳ የላትም፤ ያላት ጉቶ ነው። ሰዉ ሁሉ አያት። በሃያ ዓመት አንድ ቀን በሰው ፊት አውጥታው የማታውቀውን ቋንቋ አወጣችው።

«ጅራ!»

የሳቀ አልነበረም። ዋሪዮ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ጉያቱ መጥታ ኦኮሌ በእጇ ሰጠቻት፤ ያላቀበለ አያጠጣምና። ትርንጎ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ እየተያዘች ወደ ሁለተኛው እርከን ወረደች። ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከሥሯ ሦስት ሰው፣ ከላይዋ ጉያቱ አሉ። ከታች ዘፈኑ ተነሣ፤ የመጀመሪያው ኦኮሌ እየተወረወረ መጣላት። ተቀበለችው፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ።

«ዝፈኚ እንጂ!» አለቻት ጉያቱ ከላይ።

«ጥቁር ለብሼ?»

«ካልዘፈንሽ እጅሽ ከእኛ እጅ አይገጥምም። ባልዲው የሰው ራስ ላይ ይወድቃል።»

ሁለተኛው ኦኮሌ መጣ። ሊያመልጣት ነበር፤ ከታች ያለው ሰው ጮኸ። ትርንጎ ሃያ ዓመት ከመስኮቷ ስትሰማው የኖረችው ዘፈን ነው፤ አንድም ቃል አይጠፋትም። ሦስተኛው ሲመጣ አፏን ከፈተች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ መጀመሪያ ዘፈኑን ቀድማው ሄደች፣ ቀጥላ ወደኋላ ቀረች። አራተኛው ላይ ገጠመላት። ውኃው በእጇ አልፎ ወደ ላይ ሄደ፤ የመጀመሪያው ለነጉዮ ከብቶች ነበር።